ከልጄ ግቢ ነው ያልኩት ጽጌረዳ

የጽጌረዳ ውሃ ለፊት ጥሩ ነው ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩሽ ሳልሰማሽ ቀርቼ አይደለም። ሰምቼሻለሁ። ጥሩ ነው። የደረቀ ፊት ያለሰልሳል፣ ፀሐይ የጠበሰውን ያበርዳል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ግን ይሄን ብቻ ብዬሽ ብተወው የዋሸሁሽ ይመስለኛል። መጀመሪያ በዚህ ውሃ የሠራሁትን ሥራ ልንገርሽ። እንዳወራሁት ጻፊው፣ አታሳምሪው።

በልጅነቴ አንዲት አርመን ሴትዮ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ማዳም ነበር የምንላቸው። ግቢያቸው ውስጥ ጽጌረዳ ነበራቸው፣ አበባው ትንሽ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ሽታው ግን ከበር ጀምሮ የሚቀበልሽ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ያስለቅሙኛል። ቅጠል ቅጠሉን በንጹህ ውሃ አለቅልቄ ድስት ውስጥ እጨምርና ውሃ እስኪሸፍነው አፈስበታለሁ፣ ክዳኑን ገጥሜ ቀስ ባለ እሳት እጥደዋለሁ። ቀለሙን ሲለቅ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ በነጭ ጨርቅ ይጠለላል። አንዳንዱ ሰው እንደ አረቄ እንፋሎቱን ነው የሚያወጣው ይላሉ፣ እኛ ግን እንዲሁ ነበር። ፍሪጅ ይገባል፣ ሳምንት ካለፈው ይደፋል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ ውሃ በወጣ ቁጥር በክንዳቸው በውስጥ በኩል ትንሽ ቀብተው እስከ ነገ ያዩታል። ከዚያ በፊት ለማንም አይሰጡም። አንድ ቀን፣

«ማዳም፣ ሁልጊዜ የሚያውቁት አበባ አይደለም እንዴ? ምን ያለፋዎታል?» አልኳቸው።

«አበባውን አውቀዋለሁ። የዛሬውን ውሃ ግን አላውቀውም» አሉኝ።

ከአገር ሲወጡ ከዚያ ጽጌረዳ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰጡኝ። ትዳር ይዤ ኮልፌ ስገባ ከቤቱ ጀርባ ተከልኩት። ጸደቀ። ያን ውሃ እያወጣሁ ለሰፈሩ ሴት በሲሮፕ ጠርሙስ አድል ነበር። ሸጬው አላውቅም፣ እሱን እንኳን በእኔ አታስቢ። ግን ልንገርሽ፣ ከገንዘብ የባሰ ነገር አገኝበት ነበር። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ። ዕድር ላይ ሌላው ሲፈርም እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ነው የማስነካው። በዚህ ውሃ ግን አስተማሪዋ ሳትቀር ደጄ ቆማ «እማማ፣ ስንት ጊዜ ልቀባው?» ትለኝ ነበር። እኔም እንደ ሐኪም «ጠዋትና ማታ፣ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ» እላታለሁ። ያ ነገር ይጣፍጠኝ ነበር።

በኋላ ከቤቱ ጀርባ የሚከራይ ክፍል ልሥራ ብዬ ጽጌረዳውን ነቀልኩት። አለም ባንክ ሰፈር፣ አባትሽ ግቢ ወስደን ተከልነው፣ አልያዘም። ደርቆ እናትሽ ነቅላ ስትጥለው አንቺም ነበርሽ። ሰፈር ውስጥ ግን ሴቶቹ «ታዲያ አበባሽስ?» ሲሉኝ፣ ደረቀ ማለት አቃተኝ። ደረቀ ካልኩ ደጄን የሚያንኳኳ ማን አለ? «ልጄ ግቢ ጸድቋል፣ እንደውም ከድሮው በዝቷል» አልኩ።

አዲሱን ክፍል የተከራየችኝ ልጅ የአበባ እርሻ ሠራተኛ ናት። ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ በሰርቪስ ትመጣለች። አንዳንዴ ለውጭ አይሆንም ተብሎ የተጣለ ጽጌረዳ ታመጣለች። ሪጀክት ይሉታል። በዓል ሲደርስ አንድ እቅፍ ሰጠችኝ። ትልልቅ ነው፣ ቀይ ደም የመሰለ። አሸተትኩት፣ ምንም። ወረቀት በይው።

«ይሄን ቀቅዬ የፊት ውሃ ባወጣበትስ?» አልኳት።

ልጅቷ ደነገጠች። «ኧረ እማማ! ይሄ ለጠረጴዛ ነው። የተባይ መድኃኒት ሲረጭ እኛን እንኳን ያስወጡናል። የሚረጩት ልጆች አፍንጫቸውን ሸፍነው ነው የሚገቡት። ለሰው ገላ አይሆንም።»

«አጥበዋለሁ» አልኩ።

«ታጥቦ የሚለቅ አይመስለኝም» አለችኝ። እዪው፣ አልነገሩኝም እንዳልል እንኳን ተነግሮኛል።

በጨው ውሃ ሦስቴ አጠብኩት። ቀቀልኩት። ቀለሙ እንደ ቀይ ሥር ሆኖ ወጣ። ሽታ የለው፣ ሽታ የሌለው የጽጌረዳ ውሃ ማን ይቀበለኛል? ሣጥኔ ውስጥ ከበዓል ስጦታ የተረፈ ሽቶ ነበር፣ ከእሱ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። በክንዴ ላይ አልሞከርኩትም። ለምን ብትይኝ፣ መልሱን ማወቅ ስላልፈለግኩ ነው።

እንዲህ እያደረግኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ለሰው ሰጠሁ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም ምንም የለበትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ የጎረቤቴ የመጨረሻ ልጅ ልትዳር ሆነ። ከጎረቤቴ ጋር አጥር ተጋርተን ነው ያረጀነው። እኔ ስታመም እሷ ናት ያስታመመችኝ፣ እሷ ስትወልድ እኔ ነኝ ገንፎ ያገነፋሁት። ይቺን ልጅ አዝያታለሁ፣ አፍንጫዋን ጠርጌያታለሁ። እናትየው መጥታ፣

«እቴ፣ ልጄ ለሰርጓ ፊቷ ጥርት እንዲል ከውሃሽ አብዝተሽ ስጪኝ» አለችኝ። ለሰርጉ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

ትልቁን ጠርሙስ ሞልቼ ሰጠኋት። መርቄ ነው የሰጠሁት፣ አስቢው።

በአራተኛው ቀን ሙሽሪት ራሷ መጣች፣ ሻሽ ዓይኗ ድረስ ወርዷል። ስትገልጠው ጉንጯ በሙሉ ቀልቷል፣ አብጧል፣ አገጯ አካባቢ ውሃ ቋጥሯል።

«እማማ፣ እስቲ እዪኝ፣ ይሄ የሙሽራ ፊት ነው የቲማቲም ስልስ?» አለችና ልትስቅ ስትል ቆዳዋ ተወጠረባት፣ እንባዋ መጣ።

እኔ ወዲያው ነው ያወቅኩት። «ምን ነካሽ ልጄ?» አልኩ። አፌ ይሄን ነው ያለው።

በማግስቱ ዘነበወርቅ፣ ቆዳ ሐኪም ጋ ወሰድናት። እናትየው «አንቺም ነዪ፣ ብቻዬን እፈራለሁ» ስትለኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። ፊቷን አየችና ሰሞኑን የተቀባሽውን ሁሉ ንገሪኝ አለቻት። ልጅቷ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«የእማማ የጽጌረዳ ውሃ ነው» አለች፣ እኔን እያሳየች።

ሐኪሟ ከፍታ አሸተተችው። «ጽጌረዳ ብዙ ሰው ላይ ችግር የለውም፣ ቆዳ ያለዝባል። አንዳንዱን ሰው ግን ያሳክከዋል። ሽቶ ከተጨመረበት ወይ ደግሞ የተረጨ አበባ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እናቴ፣ አበባውን ከየት ነው ያመጡት?»

«ከልጄ ግቢ ነው።»

«መድኃኒት ይረጭበታል?»

«ኧረ የምን መርጨት!»

«ከውሃው ሌላ የጨመሩበት ነገር አለ?»

«ምንም። ውሃ ብቻ ነው።»

ያልኩትን እየጻፈች ነው። የእኔን ውሸት ወረቀት ላይ እያሰፈረች ነው፣ እኔ ማንበብ አልችል፣ ግን እጇን አያለሁ። ደግሞ እናቴ እያለችኝ ነው።

«ሌላስ?» አለቻት ልጅቷን።

«ባለፈው እሁድ ሳሎን ፌሻል ተሠርቼ ነበር። የሳሎኗ ባለቤት ክሬም ነገር ቀብታኛለች።»

ሐኪሟ እሱንም ጻፈች። የሚቀባ መድኃኒት አዘዘች፣ እስኪድን ድረስ ክሬምም አበባም ምንም እንዳይነካት አለች፣ በንጹህ ውሃ ብቻ ታጠቢ አለች።

ታክሲ ውስጥ እናትየው ነደደች። «ያቺ የሳሎን ልጅ ናት! ሌላ ማን ይሆናል? ያንቺን ውሃ ስንት ዓመት ተቀብተናል!»

እዚህ ላይ ዝም ብል እንኳን ጥሩ ነበር። ግን ዝም አላልኩም። «ድሮም እጇ ጥሩ አይደለም ይላሉ» አልኩ። ማንም እንዲያ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከየት አመጣሁት? እስከ ዛሬ አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ራሱ ደነገጠ።

የሳሎኗ ባለቤት ወላጆቿ ከወደ ቦንጋ መጥተው ኮልፌ ገበያ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። እሷ እዚሁ ተወልዳ አድጋ፣ አንድ ክፍል ተከራይታ ሁለት ሠራተኛ ቀጥራ ነው የምትሠራው። ስታየኝ ሁሌ ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ለሙሽራዋና ለሚዜዎቹም ፀጉር የምትሠራው እሷ ነበረች፣ ቃል ተይዞ ነበር። ጎረቤቴ ከታክሲ እንደወረደች ቀጥ ብላ ገባችባት። ሴቶች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ አንዷ ፀጉሯን እየተሠራች ነው።

«የልጄን ፊት ጠብሰሽ አንቺ እዚህ ሰው ታስጌጫለሽ?»

«ምነው እትዬ? ምን ሆነች?» አለች ልጅቷ፣ ማበጠሪያ እንደያዘች።

«ምን ሆነች ትለኛለች! ሰርጓ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ሻሽ ተከናንባ ተቀምጣለች! ምን መርዝ ነው የቀባሻት?»

«ክሬሙ ይኸው እትዬ፣ ይኸው ይዩት፣ እኔም የምቀባው እሱኑ ነው። እነዚህም ሰዎች ይመስክሩ።»

ካስክ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉም ፊታቸውን መነካካት ጀመሩ። አንዷ ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ ተነስታ ወጣች። እኔ የጎረቤቴን ቦርሳ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎ እንኳን አንድ ነገር ይበሉ እንጂ። ያውቁኝ የለ?»

«ይሄኔ ዝም ማለት ነው ልጄ» አልኳት። የሽማግሌ ምክር አስመስዬ።

ቤት ገብቼ የተረፈውን ውሃ ክንዴ ላይ ቀባሁት። ማዳም ያደርጉ የነበረው ቦታ ላይ፣ በውስጥ በኩል። ሲነጋ ቀልቶ፣ እንደ ሳማ እያቃጠለ ነበር። የእኔ ቆዳ የአሮጊት ቆዳ ነው፣ ደንድኗል፣ እሱን እንዲህ ካደረገ የእሷን አስቢው። አበባው ላይ የተረጨው ይሁን ሽቶው ይሁን አላውቅም። ሁሉንም ደፋሁት። እጅጌዬን ወደ ታች ስቤ ሰነበትኩ፣ ሰው እንዳያይብኝ።

አለቀ ስል ጎረቤቴ ደግማ መጣች። «እቴ፣ ከውሃሽ ጨምሪልኝ። ቆዳዋን ያብርድላት።»

«ሐኪሟ ምንም አትንኪ ብላ የለ?»

«ሐኪሟ የሱቁን ነው ያለችው። ያንቺን አይደለም። ልጅቷም የእማማን አምጪልኝ ብላ ነው የላከችኝ።»

ያን ቀን መናገር እችል ነበር። ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ሌላ ሰው የለም። «ቆይ መጣሁ» ብዬ ገባሁና የቧንቧ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በታጠበ ጠርሙስ ሞልቼ ሰጠኋት። እሷም ከፍታ አሸተተችው።

«ሽታው የታለ?»

«ለቁስል ሽታ የሌለው ነው የሚሻለው» አልኳት።

ልጅቷ መድኃኒቱን ተቀባች፣ በዚያ ውሃ ታጠበች፣ ፊቷ ዳነ። ለሰርጉ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ ነገር ብቻ ነው የቀረባት፣ እሱንም በሜካፕ ሸፈኑት። ፀጉሯንም ሜካፑንም የሠራችላት ሴት ከቤቴል ነው የመጣችው። የሰፈራችን የሳሎን ልጅ አልተጠራችም።

ድንኳን ውስጥ እናትየው እጄን ይዛ ከሴቶቹ መሃል አስነሳችኝ። «እዩዋት ይቺን ሴት! እሷ ባትኖር ልጄ ፊቷን ተሸፍና ነበር የምትዳረው!» እልል አሉ። ለእኔ ነው እልል ያሉት። ጎንበስ ጎንበስ እያልኩ ተቀበልኩ። ትሁት የሆንኩ መስሏቸዋል። ቀና ብዬ ሰው ማየት አቅቶኝ ነው። የቀረበልኝን ምግብ በእጄ እያገላበጥኩ ተውኩት።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ የሳሎኗ ልጅ ደጄን አንኳኳች። ልትጣላኝ መጣች ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ልጅቷ ግን እጇን አጣምራ ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ አስቸገርኩዎት። ከጽጌረዳው ውሃ ትንሽ ቢሰጡኝ ብዬ ነው።»

«ለምንሽ?»

«ለሥራ ነው። ሰው ቀረብኝ። ሁለት ሴቶች ‹የእማማን ውሃ የምትጠቀሚ ከሆነ እንመጣለን› አሉኝ። አንዷን ሠራተኛ አሰናብቻለሁ፣ ይቺኛዋን ግን ማሰናበት አልፈልግም።»

«ግቢ» አልኳት። ገብታ ተቀመጠች። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ግድግዳውን ተደግፌ ሁሉንም ነገርኳት። ጽጌረዳው ደርቋል አልኳት። ከእርሻ የመጣ የተረጨ አበባ ነው፣ ሽቶም ጨምሬበታለሁ አልኳት። ለሐኪሟ ዋሸሁ፣ ባንቺም አሳበብኩ አልኳት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣

«ሽቶም?» አለችኝ።

«ሽቶም።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ያን ክሬም በራሴ ፊት ላይ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ ቀባሁት። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፣ የሰው ልጅ ፊት አበላሽቼ ይሆናል ብዬ። ልቃጠልና ልወቀው ብዬ እኮ ነው።» አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ይሄ ለእኔ አይደለም የሚነገረው» ብላኝ ወጣች።

ሳልቀመጥ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር።

«የልጅሽን ፊት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን በልተሻል?» ብላ ሳቀች። ነገሩን ስነግራት እጇ ምስሩ ላይ ቀረ።

«ያዳናት ውሃስ?» አለችኝ።

«የቧንቧ ውሃ ነው።»

«የቧንቧ ውሃ!» ሰፌዱን አስቀመጠች። «ሐኪሟ ስትጠይቅሽ አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። እናቴ እያለችሽ! እኔንስ? አፌን አስከፍተሽ ያቺን የሰው ልጅ አሰደብሽኝ። እጇ ጥሩ አይደለም ይላሉ ብለሽኝ የለ? ማን ነው ያለው?»

«ማንም አላለም።»

እንደማታውቀው ሰው ነው ያየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች። «ተነሺ» አለችኝ።

ሳሎን ሄድን። ጎረቤቴ ገና ከበር ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጉልበት ልትይዝ ሄደች፣ ልጅቷ ሮጣ ደግፋ አነሳቻት፣ ተላቀሱ። እኔም ጎንበስ አልኩ። እኔንም አነሳችኝ። ግን የእኔ ሌላ ነው፣ ለሽበቴ ብላ ነው ያነሳችኝ፣ እጇ ላይ አውቄዋለሁ።

ቤቱ ባዶ ነበር፣ ደንበኛ የለም። ጎረቤቴ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እሷ የተሰደበችው ሰው ባለበት ነው። አንቺም ሰው ባለበት ትናገሪያለሽ። ቅዳሜ።»

ሙሽሪት ሰምታ ስልክ ደወለችልኝ። «እማማ፣ ቢያንስ የቧንቧውን ውሃ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ» አለችኝ፣ እንደ ድሮዋ ልታሳስቀኝ። ግን መጥታ አታውቅም። እናቷም ሰላም ትለኛለች፣ በአጥሩ በኩል ብቻ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ጎረቤቴ ሴቶቹን ራሷ ለቅማ አምጥታቸዋለች፣ ድንኳን ውስጥ እልል ካሉት ብዙዎቹ ነበሩ። አስተማሪዋም ነበረች። ሁለቱ ካስክ ውስጥ ናቸው። መሃል ላይ ወንበር ሰጡኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ ተናገርኩ፣ ከተነቀለው ጽጌረዳ ጀምሬ እስከ ቧንቧው ውሃ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋቸው፣ ምልክቱ ገና አልጠፋም ነበር። የሳሎኗ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ የአንዷን ፀጉር መጠቅለሏን ቀጠለች። ጨርሼ ልነሳ ስል ካስኩ ውስጥ ከነበሩት አንዷ ራሷን አወጣች። ማሽኑ እየጮኸባት ምንም አልሰማችም።

«ምን አሉ እማማ?» አለች።

ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።